ጨዋታው ሳያልቅ ቢቋረጥስ? የብሌዝ ፓስካል ታሪክ

 

ባለፈው ቅዳሜ በእረፍት ሰዓት የሆነውን ነገር አንዳንዶቻችሁ አይታችኋል። ሁለት ተማሪዎች ውጭ ደረጃው ላይ ተቀምጠው ሳንቲም እየወረወሩ ይጫወቱ ነበር። እያንዳንዳቸው አራት አራት ከረሜላ አወጡና ስምንቱን መሐል ላይ አስቀመጡ። የጆርጅ ዋሽንግተን ፊት ያለበት ጎን ከወጣ ልጅቷ ታሸንፋለች፣ ሌላው ጎን ከወጣ ልጁ ያሸንፋል። ቀድሞ ሦስት ጊዜ ያሸነፈ ስምንቱንም ይወስዳል። እሷ ሁለት ጊዜ፣ እሱ አንድ ጊዜ እንዳሸነፉ ግን፣ የኦሮራን ሰማይ ታውቁት የለ፣ ድንገት በረዶ መውረድ ጀመረ። ሁላችሁንም ወደ ውስጥ አስገባናችሁ፤ ጨዋታውም ሳያልቅ ቀረ።

ከዚያ ጭቅጭቅ ተነሣ። ልጅቷ እየመራሁ ስለነበር ሁሉም የኔ ነው አለች። ልጁ ጨዋታው ስላላለቀ አራት አራታችንን እንመልስ አለ። ሌላ ተማሪ ደግሞ ውጤቱ ሁለት ለአንድ ስለሆነ ሁለት እጁን ለእሷ፣ አንድ እጁን ለእሱ ብሎ ሊዳኝ ሞከረ፤ ስምንት ግን ለሦስት እኩል አልካፈል አለው። በመጨረሻ፣ መቼም ማካፈል የአካውንታንት ሥራ ነው ተብሎ፣ ወደኔ መጡ። እኔም ከረሜላዎቹን መሳቢያዬ ውስጥ አስቀምጬ መልሱን በጋዜጣችን ላይ እጽፋለሁ ብዬ ቃል ገባሁ።

ይኸው ቃሌን ልፈጽም። መልሱን ያገኘሁት ግን ከራሴ አይደለም። ይህንኑ ጥያቄ ከ370 ዓመታት ገደማ በፊት አንድ ፈረንሳዊ ተጠይቆ መልሶታል። ስሙ ብሌዝ ፓስካል ይባላል። ዛሬ የእሱን ታሪክ ላጫውታችሁ። ዓመቶቹን የጻፍኩት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው፤ ወደ እኛ መመለሱን ለእናንተ ትቼዋለሁ።

ከሰልና ወለል

ፓስካል የተወለደው በ1623 ሰኔ ወር፣ በፈረንሳይ አገር ክሌርሞን በምትባል ከተማ ነው። በዚያን ጊዜ በእኛ አገር ዐፄ ሱስንዮስ ነግሠው ነበር። ፓስካል ዘጠኝ ዓመት ሲሆነው ዐፄ ፋሲለደስ ዙፋን ላይ ወጡ፤ የ13 ዓመት ልጅ ሳለ ደግሞ የጎንደር ከተማ ተቆረቆረች። እንግዲህ የፋሲልን ግንብ በሥዕል ስታዩ ፓስካልን አስታውሱት፤ የአንድ ዘመን ሰዎች ናቸው።

እናቱ የሞቱት ገና ሦስት ዓመቱ ሳለ ነው። ጊልበርት የምትባል ታላቅ እኅትና ዣክሊን የምትባል ታናሽ እኅት ነበሩት። አባቱ ኤቲየን የግብር ጉዳይ ዳኛ ነበሩ፤ ሒሳብም በጣም ይወዳሉ። በ1631 ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ፓሪስ ሄዱ። ልጃቸውን ትምህርት ቤት አላስገቡትም፤ ቤት ውስጥ ራሳቸው ያስተምሩት ነበር።

የሚገርመው ነገር፣ አባቱ ሒሳብ እየወደዱ ለልጃቸው ግን ሒሳብ ከለከሉት። ለምን መሰላችሁ? ሒሳብ በጣም ስለሚጥም አንዴ ከቀመሰው ላቲንና ግሪክኛ መማሩን ይተዋል ብለው ፈሩ። ስለዚህ የሒሳብ መጻሕፍቱን ደበቁ። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? ብዙዎቻችሁ ደስ ይላችሁ ነበር መሰለኝ! ፓስካል ግን 12 ዓመት ሲሆነው በጨዋታ ሰዓቱ ብቻውን እየተቀመጠ በከሰል ወለሉ ላይ መስመርና ክብ ይሥል ጀመር። የቅርጾቹን ትክክለኛ ስም እንኳ ስለማያውቅ የራሱን ስም አወጣላቸው። እኅቱ ጊልበርት እንደጻፈችው፣ የሦስት ማዕዘን አንግሎች ሲደመሩ ሁልጊዜ ሁለት ቀጥተኛ አንግል እንደሚሆኑ በራሱ ደረሰበት። አባቱ ድንገት ገብተው ሲያዩት ደነገጡ፤ ከደስታ የተነሣም መናገር አቃታቸው። ከዚያ በኋላ መጻሕፍቱን መደበቅ ቀረ።

ለአባቱ የሠራው መኪና

አባትየው በ1638 ችግር ገጠማቸው። መንግሥት ከሕዝብ ለተበደረው ገንዘብ የሚከፍለውን ሲቀንስ ከሌሎች ጋር ሆነው ተቃወሙ። በዚህም የአገሪቱ ኃያል ሹም ካርዲናል ሪሽልዮ ስለተቆጡባቸው ከፓሪስ ወጥተው ተደበቁ። ያዳነቻቸው ትንሿ ዣክሊን ናት። በ1639፣ በ13 ዓመቷ፣ ልጆች በካርዲናሉ ፊት ባሳዩት ቲያትር ላይ ተጫውታ አስደሰተቻቸው፤ ቀጥላም ስለ አባቷ ምሕረት ለመነች። ምሕረት ብቻ አይደለም፣ አባቷ ሩዋን በሚባል ከተማ የግብር ኃላፊ ሆነው ተሾሙ።

ግብር መሰብሰብ ማለት ደግሞ መደመር ነው፤ እኔ አውቀዋለሁ! ያኔ ካልኩሌተር የለም። የፈረንሳይ ገንዘብም እንደ ዶላርና እንደ ብር በመቶ የሚከፈል አልነበረም። አንዱ ሊቭር በ20 ሶል፣ አንዱ ሶል በ12 ደኒዬ ይመነዘር ነበር። አባቱ እስከ ሌሊት ድረስ ሲደምሩና ሲሳሳቱ፣ እንደገና ሲደምሩ፣ ልጁ አየ። በ1642፣ ገና በ19 ዓመቱ፣ የመደመሪያ መኪና መሥራት ጀመረ። ጥርስ ያላቸው መዘውሮች እየተሽከረከሩ፣ አንዱ ዘጠኝን ሲያልፍ ቀጣዩን በአንድ የሚገፋ መኪና ነው። እናንተ በወረቀት ላይ ስትደምሩ አንድ ያዝኩ የምትሉትን መኪናው ራሱ ይይዛል። ደህና አድርጎ እስኪሠራለት ድረስ ወደ 50 የሚጠጉ ሙከራዎች ሠራ። ዋጋው ውድ ስለነበር ብዙ አልተሸጠም፤ ከቀሩት ጥቂቶች አንዳንዶቹን ግን ዛሬም ፓሪስ ሙዚየም ውስጥ ማየት ይቻላል።

ከተራራው ጫፍ

እንግዶች ከሌላ ስቴት መጥተው ደረጃ ስንወጣ ትንፋሽ አጠረን ሲሉ ሰምታችኋል? ዴንቨር ከባሕር ወለል በላይ 1,609 ሜትር ስለሆነች፣ ማለትም ልክ አንድ ማይል፣ አየሩ ይሳሳል። አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ስለዚህ ከዚያ ለመጣን ሰዎች ዴንቨር ቆላ ነች ማለት ይቻላል።

ታዲያ ከፍ ሲሉ አየር እንደሚሳሳ በሙከራ ያሳየው ፓስካል ነው። እሱ ሕመምተኛ ስለነበር ተራራ መውጣት አልቻለም። ስለዚህ የእኅቱን የጊልበርትን ባል ላከ። ሰውየው በመስከረም 19 ቀን 1648 ባዜቃ (ሜርኩሪ ማለት ነው) የሞላበት የመስታወት ቱቦ ይዞ ፑይ ደ ዶም የሚባለውን ተራራ ወጣ። ሌላ ተመሳሳይ ቱቦ ደግሞ ታች ቀረ፤ አንድ መነኩሴ ቀኑን ሙሉ ይጠብቁታል። ጫፉ ላይ ባዜቃው ከ8 ሴንቲሜትር በላይ ዝቅ አለ። ታች የቀረው ግን አልተነቃነቀም። ከፍ ሲባል ከላያችን ያለው አየር ስለሚያንስ ባዜቃውን የሚገፋው ኃይል ይቀንሳል። ሰውየው አንዴ አይቶ አልወረደም፤ ጫፉ ላይ ቦታ እየቀያየረ ደጋግሞ ለካ። መደጋገሙን ልብ በሉልኝ፣ ወደኋላ እንመለስበታለን። በነገራችን ላይ የዚያ ተራራ ጫፍ 1,465 ሜትር ነው። እኛ እዚህ ቁርስ የምንበላው ከፓስካል ተራራ በላይ ሆነን ነው ማለት ነው!

ያልተጨረሰው ጨዋታ

አሁን ወደ ከረሜላዎቻችን እንመለስ።

በ1654 ሼቫልዬ ደ ሜሬ በሚል ስም የሚታወቅ ሰው ለፓስካል ጥያቄ አቀረበለት። ሁለት ሰዎች እኩል ገንዘብ አስይዘው ሲጫወቱ ጨዋታው ሳያልቅ ቢቋረጥ ገንዘቡ እንዴት ይከፈል? ልክ የናንተው ጥያቄ ነው። ፓስካል ጥያቄውን ቱሉዝ በሚባል ሩቅ ከተማ ለሚኖር ፒየር ዴ ፌርማ ለሚባል ሰው ጻፈለት። ፌርማ ሥራው የፍርድ ቤት ሰው ነው፤ ሒሳብ የሚሠራው በትርፍ ጊዜው ነበር። ሁለቱ ሳይተያዩ በደብዳቤ ብቻ ክርክሩን ጨረሱት።

ጥያቄው አዲስ አልነበረም። በ1494 ጣሊያን አገር ሉካ ፓቾሊ የሚባሉ መነኩሴ መጽሐፍ አሳትመው ነበር። እኛ አካውንታንቶች እሳቸውን እንደ አባት ነው የምናያቸው፤ ገቢና ወጪን በሁለት ወገን የመመዝገብን ዘዴ በመጀመሪያ በኅትመት ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። በዚያው መጽሐፍ ያልተጨረሰውን ጨዋታ አንሥተው፣ እስካሁን ባሸነፉት ልክ ይካፈሉ አሉ። ሁለት ለአንድ ከሆነ ሁለት እጅና አንድ እጅ ማለት ነው። የኛ ተማሪ የሰጠው ፍርድ የፓቾሊ ፍርድ ነበር፤ ጎበዝ! ግን ሁለቱም ተሳስተዋል። አባታችን ቢሆኑም እውነቱን መናገር አለብኝ።

ስሕተቱ የት ላይ ነው? ያለፈውን ብቻ መቁጠራቸው ላይ ነው። ፓስካልና ፌርማ ግን የቀረውን ቆጠሩ። ጨዋታው ቢቀጥል ኖሮ ምን ምን ሊሆን ይችል ነበር ብለው ጠየቁ።

የፓስካል መንገድ ይህ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ብንወረውር እንበል። ልጅቷ ብታሸንፍ ሦስት ይሞላላትና ስምንቱን ትወስዳለች። ብትሸነፍ ደግሞ ሁለት ለሁለት ይሆናሉ፤ እኩል ስለሆኑ አራት አራት ይወስዳሉ። ስለዚህ ምንም ቢወጣ አራቱ የእሷ ናቸው፤ እነሱን አስቀድማ ትያዝ። አጠራጣሪዎቹ የቀሩት አራት ናቸው። ለእነሱ የሁለቱም ዕድል እኩል ስለሆነ ሁለት ሁለት ይካፈሉ። በጠቅላላ ለእሷ 6፣ ለእሱ 2።

የፌርማ መንገድ ደግሞ ሌላ ነው። ቢበዛ ሁለት ውርወራ ቢቀር ነው። አባቶቻችን በድሮው የኢትዮጵያ ሳንቲም ሲጫወቱ አንዱን ጎን ዘውድ፣ ሌላውን ጎፈር ይሉት ነበርና፣ የልጅቷን ጎን ዘውድ፣ የልጁን ጎፈር እንበለው። ሁለት ውርወራ በአራት መንገድ ሊወጣ ይችላል፦

ዘውድና ዘውድ፣ ልጅቷ ታሸንፋለች።
ዘውድና ጎፈር፣ ልጅቷ ታሸንፋለች።
ጎፈርና ዘውድ፣ ልጅቷ ታሸንፋለች።
ጎፈርና ጎፈር፣ ልጁ ያሸንፋል።

ከአራቱ ሦስቱ የእሷ፣ አንዱ የእሱ ነው። ከስምንት ከረሜላ ሦስት አራተኛው 6 ነው፣ አንድ አራተኛው 2። አያችሁ? መንገዱ ሁለት፣ መልሱ አንድ። ፓስካል እውነት በሁለቱም ከተማ አንድ ሆና በማግኘቱ በጣም ደስ ብሎት ነበር።

እዚህ ላይ እጁን የሚያወጣ ተማሪ እንዳለ አውቃለሁ። መምህር፣ መጀመሪያው ውርወራ ላይ ዘውድ ከወጣ ጨዋታው አለቀ እኮ፣ ለምን እንደገና እንወረውራለን? መንገዱ ሦስት ብቻ ነው፣ ከሦስቱ ሁለቱ የእሷ ናቸው ትሉኛላችሁ። አትፈሩ፣ ሮበርቫል የሚባል ታላቅ የፓሪስ የሒሳብ መምህርም ይህንኑ ብሎ ተከራክሯል። መልሱ ሦስቱ መንገዶች እኩል ዕድል የላቸውም ነው። ወዲያው ዘውድ የመውጣት ዕድል ግማሽ ነው፤ የሌሎቹ ሁለቱ ግን ሩብ ሩብ ነው። ትንሿን እንጀራና ትልቁን እንጀራ አንድ አንድ ብሎ ቆጥሮ እኩል ደረሰን እንደማለት ነው። ስለዚህ ስትቆጥሩ እኩል እኩል የሆነውን ቁጠሩ።

የሚያስታውስ ዕጣና የማያስታውስ ዕጣ

ከእነዚያ ደብዳቤዎች የተነሣ ዛሬ ፕሮባቢሊቲ ወይም የመሆን ዕድል የምንለው ትምህርት ተወለደ። የማይሆን ነገር ዕድሉ 0 ነው፤ የማይቀር ነገር 1 ነው፤ ሌላው ሁሉ በመሐል ነው። ይህ ትምህርት በየቤታችሁ አለ።

ዕቁብን እንውሰድ። ወላጆቻችሁ 12 ሆነው ዕቁብ ቢጥሉ፣ በመጀመሪያው ወር የእያንዳንዱ ሰው ዕድል ከ12 አንድ ነው። የደረሰው ሰው ስሙ ከዕጣው ይወጣል። በሁለተኛው ወር የቀሩት 11 ስለሆኑ ዕድሉ ከ11 አንድ ይሆናል። በመጨረሻው ወር የቀረው አንድ ሰው ዕድሉ 1 ነው፣ አይቀርለትም። የዕቁብ ዕጣ ያስታውሳል ማለት ነው።

ሳንቲም ግን አያስታውስም። አምስት ጊዜ ተከታትሎ ዘውድ ቢወጣ፣ አሁንስ የጎፈር ተራ ነው የሚሉ ሰዎች ሞልተዋል። ሳንቲም ተራ አያውቅም። ስድስተኛውም እንደ መጀመሪያው ግማሽ በግማሽ ነው። በዚህ ስሕተት ስንት ሰው ገንዘቡን አጥቷል!

የአየር ትንበያውስ? ቦልደር ያሉት የአየር ትንበያ ሰዎች ነገ በረዶ የመጣል ዕድሉ 30 በመቶ ነው ሲሉ፣ ነገን የመሰሉ አሥር ቀናት ቢኖሩ በሦስቱ ገደማ ይጥላል፣ በሰባቱ አይጥልም ማለታቸው ነው። ስለዚህ ቢጥል ዋሹ አይባልም። ልክ መሆናቸውን ለማወቅ እንደዚያ ተራራ ላይ እንደወጣው ሰው ደጋግሞ መለካት ነው። ያኮብ ቤርኑሊ የሚባለው የስዊስ ሊቅ በ1713 በታተመው መጽሐፉ ይህንን አስረድቷል፤ ሙከራው ሲበዛ ውጤቱ ወደ እውነተኛው ዕድል እየተጠጋ ይሄዳል። ሳንቲም አራት ጊዜ ብትወረውሩ አራቱም ዘውድ ሊሆን ይችላል፤ አንድ ሺህ ጊዜ ብትወረውሩ ግን ወደ ግማሽ ይቀርባል። የመኪና ኢንሹራንስም የሚሠራው በዚህ ነው። በሜይ 8 ቀን 2017 ዴንቨር አካባቢ የወረደው በረዶ ከ2 ቢሊዮን ዶላር በላይ ኪሳራ አድርሷል። የማን መኪና እንደሚመታ አስቀድሞ የሚያውቅ የለም፤ ከብዙ መኪና ስንቱ ገደማ እንደሚመታ ግን በግምት ይታወቃል። ስለዚህ ሁሉም ትንሽ ትንሽ ያዋጣና ለተመታው ይከፈላል። ከእድራችን ጋር አይመሳሰልም?

አሁን ደግሞ ለኔ ከሁሉ የሚከብደውን ላንሣ። ከእናንተ ብዙዎቻችሁ ወላጆቻችሁ እዚህ የመጡት በዲቪ ነው። ዲቪ በ1990 በወጣ ሕግ ተመሥርቶ ከ1995 ጀምሮ የተሠራበት ዕጣ ነው። በዓመት በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው ይሞላ ነበር፤ ከዚያ ኮምፒዩተር ያወጣል። እኔም ስድስት ዓመት ሞልቼ በሰባተኛው ደረሰኝ። ያ ዕጣ እንደ ዕቁብ አልነበረም፤ ስድስት ዓመት መሞላቴን አያስታውስም። ደጋግሞ መሞከር ጥቅም የለውም ማለቴ ግን አይደለም። የሉዶ ዳይስ አንድ ጊዜ ብትወረውሩ ስድስት የመውጣት ዕድሉ ከ6 አንድ ነው፤ አራት ጊዜ ብትወረውሩ ግን ቢያንስ አንዴ የመውጣት ዕድሉ ከግማሽ ትንሽ ይበልጣል። ነገር ግን አምስተኛው ውርወራ ባለዕዳችሁ አይደለም።

ከኔ ጋር ፎርሙን አብራ ትሞላ የነበረች የዩኒቨርሲቲ ጓደኛ አለችኝ። በትምህርት ከኔ ትበልጥ ነበር፤ ፈተና ሲደርስ የምታስጠናኝ እሷ ነበረች። ለእሷ አልደረሳትም። ዛሬም አዲስ አበባ ሒሳብ ታስተምራለች። ታዲያ እኔ የደረሰኝ ጎበዝ ስለሆንኩ ነው? አይደለም። የሠራነው ሥራ እኩል ነው፣ ዕድላችንም እኩል ነበር፤ የወጣው ግን አንድ ሆነ። አገር ቤት ያሉ የአጎትና የአክስት ልጆቻችሁን በስልክ ስታነጋግሩ ይህን አስቡ። እናንተ እዚህ፣ እነሱ እዚያ የሆናችሁት አንዳችሁ ከሌላው ስለምትበልጡ አይደለም። ለዚህም ነው የፓስካልን መልስ የምወደው። ልጅቷ እየመራች ነበር፣ ግን ሁሉንም አልወሰደችም። ልጁ ወደኋላ ቀርቶ ነበር፣ ግን ባዶ እጁን አልሄደም። ሊሆን ይችል የነበረውም ተቆጥሮለታል።

የመጨረሻዎቹ ዓመታት

ፓስካል ከ1654 መጨረሻ በኋላ አብዛኛውን ጊዜውን ለሃይማኖት ሰጠ። የቁጥሮች ሦስት ማዕዘኑን የሚያስረዳው መጽሐፍ የወጣው ከሞተ በኋላ በ1665 ነው። ይህ ሦስት ማዕዘን ዛሬ በስሙ ይጠራ እንጂ በፋርስና በቻይና ከእሱ በፊት ይታወቅ ነበር። ይህን ይመስላል፦

1
1 1
1 2 1
1 3 3 1
1 4 6 4 1

እያንዳንዱ ቁጥር ከላዩ ያሉት የሁለቱ ድምር ነው። የመጨረሻውን መስመር እዩት፤ ድምሩ 16 ነው። ሳንቲም አራት ጊዜ ስትወረውሩ ከ16ቱ መንገዶች በ6ቱ ሁለት ዘውድና ሁለት ጎፈር ይወጣል። በ1ዱ ብቻ አራቱም ዘውድ ይሆናል።

በመጨረሻው ዓመት፣ በመጋቢት 1662፣ ፓስካል ከወዳጆቹ ጋር ሆኖ በፓሪስ አዲስ ነገር አስጀመረ። በተወሰነ መንገድ፣ በተወሰነ ሰዓት የሚመላለስ፣ አምስት ሶል እየተከፈለ የሚሳፈሩበት የፈረስ ሠረገላ ነው። የዛሬው አውቶቡስ አያት በሉት። ከትርፉ ድሆችን ለመርዳት አስቦ ነበር፤ የፓሪስ ፍርድ ቤት ግን ወታደሮችና የቀን ሠራተኞች እንዳይሳፈሩ ከለከለ።

በዚያው ጊዜ አንድ ድሃ ቤተሰብ በቤቱ ያስጠጋ ነበር። ከልጆቻቸው አንዱን ፈንጣጣ ያዘው። ፓስካል ራሱ በጣም ታምሟል፤ በሽታው ወደ እኅቱ ልጆችም እንዳይዛመት ሁለቱን ቤት መለየት ያስፈልግ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ቤተሰቡን ያስወጣቸው ይሆናል። እሱ ግን የታመመ ልጅ ከቤት አይወጣም ብሎ ቤቱን ለእነሱ ትቶ ራሱ ወደ ጊልበርት ቤት ሄደ። እዚያው በነሐሴ 19 ቀን 1662 ሞተ። ገና 39 ዓመቱ ነበር። በጎንደር ዐፄ ፋሲለደስ ገና በዙፋን ላይ ነበሩ።

የቤት ሥራ

1ኛ. ጨዋታው ልጅቷ 2፣ ልጁ 0 ላይ ቢቋረጥ ስምንቱ ከረሜላ እንዴት ይከፈል ነበር? የፓስካልን መንገድ ተከተሉ፤ ልጁ አንድ ቢያሸንፍ የት እንደሚደርሱ አሁን ታውቃላችሁ።

2ኛ. 1 ለ 0 ላይ ቢቋረጥስ? ማስጠንቀቂያ፦ አንዱን ከረሜላ ለሁለት መስበር ያስፈልጋችኋል!

3ኛ. ሦስት እኅትማማቾች የተጠቀለለ ወረቀት ያወጣሉ፤ አንዱ ላይ ምልክት አለ። መጀመሪያ የምታወጣው ትጠቀማለች ወይስ መጨረሻ የምታወጣው? ከእኅት ከወንድም ጋር ሞክሩትና ምክንያቱን ጻፉ።

4ኛ. እነዚህን ቃላት ከ0 እስከ 1 ባለው መስመር ላይ በቅደም ተከተል አስቀምጡ፦ ምናልባት፣ በፍጹም፣ ሳይሆን አይቀርም፣ አይመስለኝም፣ እርግጥ ነው። አያት ካላችሁ አያታችሁን ጠይቁ፤ መልሳችሁ ከእሳቸው ጋር ባይገጥም አይግረማችሁ።

ለወላጆች

እናት አባቶች፣ ልጆቻችንን ቁማር እያስተማርክ ነው እንዳትሉኝ። ዓላማው ተቃራኒው ነው። የፓወርቦል ትልቁ ዕጣ ለአንድ ቲኬት ከ292 ሚሊዮን አንድ ነው። ይህን ቁጥር የተረዳ ልጅ ሲያድግ የቤት ኪራዩን ለቲኬት አያውለውም። ዕቁብ ስትጥሉ ልጆቹን አጠገባችሁ አስቀምጧቸው፤ ዕድላቸውን ያስሉላችሁ። በአማርኛ ቢያስሉት ደግሞ ሁለት ትምህርት በአንድ ጊዜ ሆነላችሁ።

ከረሜላዎቹ አሁንም መሳቢያዬ ውስጥ ናቸው። የፊታችን ቅዳሜ ስድስቱን ለእሷ፣ ሁለቱን ለእሱ በሁላችሁም ፊት አስረክባለሁ። እስከዚያ ድረስ ማንም እንዳይነካቸው፤ ቆጥሬ ነው ያስቀመጥኳቸው!

መልካም ሳምንት ይሁንላችሁ።